መቁጠሪያ የልብ መቋሚያ



መቁጠሪያ ለማናችንም እንግዳ ዕቃ አይደለም። በቤታችን ግድግዳ ከመስቀሉ አጠገብ ተሰቅሎ፣ በእናቶች ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ፣ በአረጋውያን ትራስ ሥር ተቀምጦ እናየዋለን። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቆርብ ሕፃን በስጦታ ይሰጣል፤ ባረፈ ምዕመን ጣቶች መካከልም ይደረጋል። ከልጅነት እስከ መቃብር አብሮን ስለሚጓዝ ጠንቅቀን የምናውቀው ይመስለናል። ነገር ግን «ይህ ዕቃ ምን ይሠራል?» ተብለን ብንጠየቅ የብዙዎቻችን መልስ «ሰላም ለኪ የሚቆጠርበት ነው» የሚል ይሆናል። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ስሙም መቁጠሪያ ነውና። ይሁን እንጂ ገና ከደጃፉ ላይ ያቆመናል፤ ወደ ቤቱ ውስጥ አያስገባንም።

በዚህ ጽሑፍ በተለይ የምናስባቸው ሦስት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያዎቹ መቁጠሪያን በየዕለቱ የሚደግሙ፣ ዳሩ ግን ከብዙ ዓመት በኋላም ልባቸው እንደ ደረቀ የሚሰማቸው ናቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሐሳባቸው ግን በገበያና በእርሻ ይዞራል። ሁለተኛዎቹ፣ ይልቁንም ከወጣቶቻችን መካከል፣ ጎረቤት ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛ «ይህ ከንቱ ድግግሞሽ ነው» ባላቸው ጊዜ መልስ አጥተው መቁጠሪያቸውን በሣጥን የከተቱ ናቸው። ሦስተኛዎቹ ኀዘን ያፈናቸው ናቸው፤ ልጃቸው በስደት መንገድ የቀረባቸው፣ ወይም በጦርነት የት እንደ ወደቀ ያልተነገራቸው፣ ሊጸልዩ ተንበርክከው ቃል የሚያጡ ናቸው። ይህች ትንሽ ገመድ ለሦስቱም የምትለው አላት።

ከጠጠር እስከ ዶቃ

ጸሎትን በቁጥር መያዝ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ ጳውሎስ የሚባል አንድ መነኩሴ በየቀኑ 300 ጸሎት ያደርስ ነበር። ቁጥሩ እንዳይጠፋበት 300 ጠጠር በእቅፉ ይይዝና አንድ ጸሎት ባደረሰ ቁጥር አንዱን ጠጠር ይጥል እንደ ነበር የአበው ታሪክ ይነግረናል። ከጊዜ በኋላ ጠጠሩ በገመድ ቋጠሮ፣ ቋጠሮውም በእንጨትና በዘር ፍሬ ተተካ። በሀገራችንም ገዳማውያን አባቶችና እናቶች በመቁጠሪያ «እግዚኦ መሐረነ» ሲሉ መኖራቸውን ሁላችን እናውቃለን። በ41ዱ የጌታን ግርፋት ያስባሉ፤ በ64ቱም በትውፊት የእመቤታችን የምድር ዕድሜ የሆነውን ቁጥር ይዘክራሉ። እንግዲህ ጸሎትን በጣት መዳሰስ ከውጭ የመጣብን ነገር እንዳልሆነ ልብ እንበል።

ዛሬ በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የምንጠቀምበት መቁጠሪያ ግን ያደገው በምዕራቡ ዓለም ነው። በመካከለኛው ዘመን መነኮሳት 150ውን የዳዊት መዝሙር በየሰዓቱ ከፋፍለው ይጸልዩ ነበር። ማንበብ የማይችሉት የገዳም ወንድሞችና ገበሬዎች ደግሞ በመዝሙራቱ ፈንታ 150 ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት እንዲደግሙ ተፈቀደላቸው። ቀስ በቀስም የመልአኩ ሰላምታ በዚሁ ቁጥር ይደገም ጀመር፤ ስሙም «የማርያም መዝሙረ ዳዊት» ተባለ። ዳዊት መድገም ለከበረባት ለሀገራችን ይህ ታሪክ ቅርብ ነው፤ መቁጠሪያ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዳዊት ሆኖ ተወለደ።

ይህ ጸሎት ለቅዱስ ዶሚኒክ እንደ ተሰጠ የሚናገር ጥንታዊ ትውፊት አለ። ታሪኩ ሲመረመር ግን ጸሎቱ በብዙ እጆች ቀስ በቀስ እንዳደገ ይታያል። በ15ኛው መቶ ዓመት በጀርመን ሀገር በትሪር ገዳም የነበረ፣ ዶሚኒክ ተብሎ የሚጠራ ሌላ መነኩሴ ከ50ው ሰላምታ ጋር ከጌታ ሕይወት የተወሰዱ 50 አጫጭር ሐሳቦችን አያያዘ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ቆጠራው ከአስተንትኖ ጋር ተጋብቷልና። በዚያው መቶ ዓመት የዶሚኒካውያን ማኅበር አባል የነበረው አላን ደ ላ ሮሽ ጸሎቱን በማኅበራት አማካይነት አስፋፋው። ር.ሊ.ጳ. ቅዱስ ፒዮስ 5ኛ እ.ኤ.አ. በ1569 ቅርጹን አጸኑት። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1883 የጥቅምት ወር ለዚህ ጸሎት የተለየ እንዲሆን አዘዙ። ር.ሊ.ጳ. ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 2002 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት አምስቱን የብርሃን ምሥጢራት ጨመሩ።

በላቲን ቋንቋ የጸሎቱ ስም የጽጌረዳ አትክልት ቦታ ማለት ነው። የእመቤታችን የመቁጠሪያ በዓል እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 27 ቀን ነው። በግእዙ ሥርዓት ደግሞ ዘመነ ጽጌ መስከረም 26 ቀን ይገባል። ሜዳው በአደይ አበባ ሲሸፈን አባቶቻችን ድንግልን በአበባ፣ ልጇንም ከአበባው በተገኘ ፍሬ መስለው ያመሰግናሉ። ሁለቱ ልማዶች ሳይተዋወቁ በየሀገራቸው አድገው በአንድ ወቅት፣ በአንድ ምሳሌ መገናኘታቸው ያስደንቃል።

መደጋገም ከንቱ ነውን?

ጌታችን በተራራው ስብከት ጸሎትን በከንቱ ስለሚደጋግሙ አሕዛብ ተናግሯል (ማቴ. 6፥7)። ይህን ቃል የሚጠቅሱልን ወንድሞችና እህቶች የጌታን ቃል ያከብራሉና በቁጣ ልንመልስላቸው አይገባም። ይልቁን ቃሉን ከእነርሱ ጋር እስከ መጨረሻው እናንብበው። ጌታ የነቀፈው በቃል ብዛት እግዚአብሔርን ማስገደድ ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ነው፤ ለዚህም ነው ወዲያው አብ ከመለመናችን በፊት የሚያስፈልገንን እንደሚያውቅ ያስተማረው። ያው ጌታ በጌቴሴማኒ ለሦስተኛ ጊዜ ሄዶ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ (ማቴ. 26፥44)። በመዝሙር 135 (136) በእያንዳንዱ ቁጥር ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ያው አንድ ቃል ይመለሳል፤ ይኸውም 26 ጊዜ ነው። ዕውሩ በርጤሜዎስ ዝም በል ባሉት ጊዜ ያንኑ ጩኸት አብዝቶ ጮኸ፤ ጌታም ቆሞ አስጠራው (ማር. 10፥46-52)። በሰማይም እንስሶቹ ቀንና ሌሊት ያንኑ ቅዳሴ ሳያርፉ ያቀርባሉ (ራእ. 4፥8)። ስለዚህ ጸሎትን ከንቱ የሚያደርገው ባዶ ልብ ነው፤ ባዶ ልብ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የተነገረውንም ጸሎት ከንቱ ያደርገዋል።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር አስተማሪያችን ነው። አባቶቻችን «ዳዊት ደገመ፣ ጸሎት ደገመ» ይላሉ። ደገመ ማለት እንደገና አደረገ ማለት ነው፤ ጸለየ ማለትም ነው። ለእነርሱ የጸሎት ሰው ማለት የሚደግም ሰው ነበር። እናት ሕፃኗን ስታባብል ስሙን ስንት ጊዜ ትጠራዋለች? አዲስ ነገር ልትነግረው ብላ አይደለም። ፍቅር አዲስ ቃል ባያገኝም አይሰለችምና ነው።

«ለምን ለማርያም ትጸልያላችሁ?» የሚልም ጥያቄ ይከተላል። አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ይህን መምህራን ለሕፃናት ከሁሉ አስቀድመው ያስተምሩ። የሰላም ለኪን ጸሎት ከፍለን ብንመለከተው፣ የመጀመሪያው ክፍል መልአኩ ገብርኤልና ቅድስት ኤልሳቤጥ የተናገሩት የወንጌል ሰላምታ ነው (ሉቃ. 1፥28፤ 42)። በመካከሉ የኢየሱስ ስም ተቀምጧል፤ የጸሎቱ ሁሉ ማጠፊያ እርሱ ነው። ሁለተኛው ክፍል እመቤታችን ዛሬና በሞታችን ሰዓት እንድትለምንልን የምንጠይቅበት ነው። ሕይወታችን የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት ላይ ነው፤ አንደኛው አሁን በእጃችን ያለው ሲሆን ሁለተኛው የማይቀረው ነው። ወንድማችንን «ጸልይልኝ» ማለት ነውር ካልሆነ፣ በቃና ሠርግ የወይን ጠጁን ማለቅ ከሌሎች ቀድማ ያየችውን እናት (ዮሐ. 2፥1-5) ለምኝልን ማለት ነውር አይሆንም።

እጅ፣ ከንፈርና ልብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መቁጠሪያው 59 ዶቃዎች አሉት፤ 6ቱ ለአቡነ ዘበሰማያት፣ 53ቱ ለሰላም ለኪ ናቸው። በመስቀሉ ላይ ጸሎተ ሃይማኖት ይባላል። ከዚያ አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ ስለ እምነት፣ ስለ ተስፋና ስለ ፍቅር ሦስት ሰላም ለኪ ይከተላሉ። ከዚያም አምስቱ ምሥጢራት እያንዳንዳቸው በአቡነ ዘበሰማያት ተጀምረው፣ በዐሥር ሰላም ለኪ ቀጥለው፣ በስብሐት ለአብ ይዘጋሉ።

ጥያቄው ይህ ነው፤ ለምን በዶቃ? እግዚአብሔር ቁጥር አይፈልግም፤ ቁጥሩን የምንፈልገው እኛ ነን። እጅ ስለሚቆጥር ልብ ከመቁጠር ያርፋል። ስንት ቀረኝ፣ የቱ ጋ ደረስሁ እያለ ሊጨነቅ የሚገባው አእምሮ ሥራውን ለጣት አስረክቦ ወደ ጌታ ፊት ይመለከታል። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት በማኅሌት ረጅሙን ሌሊት የሚቆሙት መቋሚያ ተደግፈው ነው። መቋሚያው አይዘምርም፤ ዘማሪው ግን ያለ እርሱ እስከ ንጋት ለመቆም ይቸግረዋል። መቁጠሪያም እንዲሁ ራሱ አይጸልይም፤ ቶሎ የሚደክመውና የሚባዝነው ልባችን በጌታ ፊት ቆሞ እንዲቆይ የሚደገፍበት መቋሚያ ነው።

ከንፈርም ድርሻ አለው። ጥጥ የምትፈትል እናት እንዝርቱ ሲሾር አታየውም፤ ዓይኗ ከጣቶቿ መካከል በሚወጣው ክር ላይ ነው። እንዝርቱ ግን ካልዞረ ክር የለም። የሰላም ለኪ መደጋገም እንደ እንዝርቱ መዞር ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው ቀጭን ክር ደግሞ አስተንትኖ ነው። በእያንዳንዱ ዐሥር ሰላም ለኪ ውስጥ አንድ የጌታችን የሕይወት ምሥጢር በልብ ዓይን ይታያል። ር.ሊ.ጳ. ቅዱስ ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ እመቤታችን ክብር በጻፉት መልእክት፣ አስተንትኖ የተለየው መቁጠሪያ ሕይወቱን እንደሚያጣና ወደ ቃላት ልማድ እንደሚወርድ አስጠንቅቀዋል። ከመጀመሪያዎቹ ወገኖቻችን የብዙዎቹ ድርቀት መነሻ ይህ ሊሆን ይችላል። እንዝርቱ ይዞራል፤ ጥጥ ግን አልተያያዘበትም።

አስተንትኖ ማለት ምን እንደ ሆነ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ሲያስረዳ፣ የሰው ሐሳብ፣ ምናብ፣ ስሜትና ፈቃድ በአንድነት የሚሠሩበት ጸሎት ነው ይላል። ማሰብ ብቻ አይደለም፤ ማየት፣ መሰማትና መፍቀድም አለበት። ሐሳባችሁ ቢበተን አትደንግጡ፤ ራሳችሁንም አትውቀሱ። በጣታችሁ ሥር ያለው ዶቃ መመለሻ ምልክታችሁ ይሁን። በአንድ ምሥጢር ውስጥ ዐሥር ጊዜ ጠፍታችሁ ዐሥር ጊዜ ብትመለሱ፣ ዐሥር ጊዜ ወደ ጌታ መጥታችኋል።

የሳምንቱ ምሥጢራት

ቤተ ክርስቲያን ምሥጢራቱን በሳምንቱ ቀናት አከፋፍላለች። ሰኞና ቅዳሜ የደስታ ምሥጢራት ናቸው፤ እነርሱም ብሥራት፣ የእመቤታችን ወደ ኤልሳቤጥ መሄድ፣ የጌታ ልደት፣ በቤተ መቅደስ መቅረቡና በቤተ መቅደስ መገኘቱ ናቸው። ሐሙስ የብርሃን ምሥጢራት ነው፤ የጌታ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ፣ የእግዚአብሔር መንግሥት ስብከትና የንስሐ ጥሪ፣ በደብረ ታቦር መልኩ መለወጡና ቅዱስ ቁርባንን መመሥረቱ ናቸው። ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን ምሥጢራት ናቸው፤ የጌቴሴማኒ ጭንቀት፣ ግርፋቱ፣ የእሾህ አክሊሉ፣ መስቀሉን መሸከሙና ስቅለቱ ናቸው። ረቡዕና እሑድ የክብር ምሥጢራት ናቸው፤ ትንሣኤው፣ ዕርገቱ፣ የመንፈስ ቅዱስ መውረድ፣ የእመቤታችን ፍልሰትና በሰማይ አክሊል መቀዳጀቷ ናቸው።

የብርሃን ምሥጢራት ለኢትዮጵያውያን ልብ የቀረቡ ናቸው። ጥር 11 ቀን ጥምቀትን፣ በማግስቱ ጥር 12 ቃና ዘገሊላን፣ ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦርን የሚያከብር ሕዝብ እነዚህን ምሥጢራት ለማስተንተን ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ያየው ውኃ፣ የሰማው ዝማሬ፣ የበላው ሙልሙል ሁሉ ለአስተንትኖ መግቢያ በር ይሆነዋል።

በአንድ ምሥጢር ውስጥ

ምሳሌ እንዲሆነን አምስተኛውን የደስታ ምሥጢር፣ ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ የተገኘበትን እንውሰድ (ሉቃ. 2፥41-52)። ወንጌሉን ቀስ ብለን ካነበብን በኋላ አቡነ ዘበሰማያት እንበል፤ ከዚያ ጣታችንን በመጀመሪያው ዶቃ ላይ እናኑር።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዶቃዎች መንገዱን እናስብ። ዮሴፍና ማርያም ከመንገደኞቹ ጋር የአንድ ቀን መንገድ ሄደዋል፤ ልጁ አብሯቸው ያለ መስሏቸው ነበር። እኛስ ስንት ቀን ጌታ አብሮን ያለ እየመሰለን ብቻችንን ሄድን?

በሚቀጥሉት ሦስት ዶቃዎች ፍለጋውን እናስብ። አንዱ ዶቃ ለአንዱ ቀን ይሁን፤ ሦስት ቀን ፈልገዋልና። እናት ዘመዱን ሁሉ ትጠይቃለች፤ የሚያውቅ የለም። ልጇ በባሕር ላይ ይሁን በበረሃ ሳታውቅ ስልክ የምትጠብቅ እናት ካለች፣ እዚህ ዶቃ ላይ ትቁም። ከጦር ሜዳ ያልተመለሰ ልጅ ያለው አባት ከዮሴፍ ጎን ይቁም። ወደ ፊት ለመሄድ አትቸኩሉ። የአምላክ እናት ይህን ጭንቀት ታውቀዋለች፤ ስታገኘውም ጭንቀቷን ለልጇ ሳትሸሽግ ነገረችው።

በሰባተኛው፣ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ዶቃ መገኘቱን እናስብ። በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማል፤ ይጠይቃልም። ለእናቱም በአባቱ ቤት ሊሆን እንደሚገባው ይመልስላታል። የምንፈልገው ሁሉ በመጨረሻ የሚገኘው በአብ ቤት ነው።

በዐሥረኛው ዶቃ ዝም እንበል። ወንጌላዊው ማርያምና ዮሴፍ የተናገራቸውን ነገር እንዳላስተዋሉት ይጽፋል። እናቱ ግን ነገሩን ሁሉ በልቧ ጠበቀችው። እዚህ ላይ የአስተንትኖን እውነተኛ ትርጉም እናገኛለን። አስተንትኖ ሁሉን መረዳት አይደለም፤ ያልገባንን ነገር ሳንጥለው በእግዚአብሔር ፊት በልባችን ይዘን መቆየት ነው። ማርያም ይህን ያደረገችው እስከ መስቀሉ ሥር ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን የሦስት ቀን ጭንቀት ያለበትን ታሪክ ከደስታ ምሥጢራት መቁጠሯም ትርጉም አለው፤ ደስታው ጭንቀቱን አልሰረዘውም፤ በመጨረሻው ቀን ግን አገኘው።

ኀዘን ያፈናችሁ ወገኖቻችን ሆይ፤ የራሳችሁ ቃል ሲጠፋ የቤተ ክርስቲያንን ቃል ተዋሱ። ስለዚያ ልጅ ምን ብላችሁ እንደምትለምኑ ባታውቁ ሰላም ለኪ በሉ፤ ዶቃውን ጨብጡ። ያም ቢከብዳችሁ ሌሎች ሲደግሙ አጠገባቸው ተቀመጡ። መቁጠሪያ በእጇ ይዛ ለመታየት የማትችል፣ በባዕድ ሀገር በሰው ቤት የምትሠራ እህትም ብትኖር፣ እግዚአብሔር ዐሥር ጣቶች ሰጥቷታል፤ በእነርሱ ላይ አንድ ሙሉ ምሥጢር ይደገማል።

መቁጠሪያና ቅዳሴ

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ቅዱስ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ የምዕመናን የግል ጸሎቶች ሁሉ ከሥርዓተ አምልኮ የሚመነጩና ወደዚያው የሚመሩ መሆን እንዳለባቸው አስተምሯል። ስለዚህ በቅዳሴ ጊዜ መቁጠሪያ መድገም አይገባም። ካህኑ «ልባችሁን ወደ ላይ» ሲል፣ ሕዝቡም ሲመልስ፣ አንዱ ለብቻው በጥግ ዶቃ ቢቆጥር በማዕድ ላይ ተቀምጦ ከኪሱ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ይሆናል። ቆሎው ክፉ አይደለም፤ ማዕዱ ግን ተዘርግቷል። መቁጠሪያ ከቅዳሴ በፊት ልብን ያዘጋጃል፤ ከቅዳሴ በኋላም የተቀበልነውን እንድናላምጥ ይረዳናል።

በግእዝ ሥርዓት ለምንጸልይ ደግሞ የተለየ ሀብት አለን። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት ተከፍሎ ከአባቶች ተላልፎልናል። ከምዕራቡ ወንድሞቻችን የተቀበልነው መቁጠሪያ ይህን ሊያስረሳን አይገባም። ውዳሴ ማርያም የሚደግም ቤት ይድገም፤ መቁጠሪያም የሚጨምር ይጨምር። ሁለቱም ድንግልን የሚያከብሩት ከእርሷ ስለ ተወለደው ነውና።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ መቁጠሪያ ክታብ አይደለም። በአንገት ስለ ተንጠለጠለ ወይም በመኪና መስታወት ላይ ስለ ተሰቀለ ብቻ ከአደጋ አያድንም። የጸሎትን ኃይል በውጫዊ አፈጻጸሙ ብቻ ማየት ከአጉል እምነት እንደሚቆጠር ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። በካህን የተባረከ መቁጠሪያ ይከበራል፤ የሚከበረው ግን እንዲጸለይበት ነው።

ሁለተኛ፣ ብዛት መመኪያ አይሁን። በመግቢያው ያነሣነው ጠጠር ቆጣሪው ጳውሎስ፣ አንዲት ድንግል በቀን 700 ጸሎት ታደርሳለች ሲባል ሰምቶ አዘነ፤ ወደ አባ መቃርስም ሄዶ ኀዘኑን ነገራቸው። አባ መቃርስ እርሳቸው በቀን 100 ብቻ እንደሚጸልዩ፣ በእጃቸው ሠርተው እንደሚበሉ፣ ወንድሞችንም እንደሚያስተናግዱ፣ ኅሊናቸውም እንደማይከሳቸው ነገሩት። 300 እየጸለየ ኅሊናው የሚከሰው ከሆነ ግን ወይ በንጽሕና አልጸለየም፣ ወይም ከዚያ በላይ መጸለይ እየቻለ ትቷል አሉት። ይህ መልስ ለእኛም ነው። ቸኩለው ከሚደገሙ አምስት ምሥጢራት በእርጋታ የሚደገም አንድ ምሥጢር ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ መቁጠሪያ ከተጣላነው ወንድም መሸሸጊያ አይሁን። ምሥጢራቱን ያስተነተነ ሰው በሁለተኛው የደስታ ምሥጢር እንደ እመቤታችን ተነሥቶ ወደ ሰው ቤት ይሄዳል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ያስቀየመውንም ይቅር ይላል። ዶቃውን ካስቀመጥን በኋላ እጃችን የሚሠራው ሥራ ጸሎታችን ምን እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ሕፃናትን በመጀመሪያው ቀን አምስቱን ምሥጢራት አታስደግሟቸው። አንድ ምሥጢር ይበቃል። አስቀድማችሁ የወንጌሉን ታሪክ አጭር አድርጋችሁ አንብቡላቸው፤ ጥቂት ዝምታ ስጧቸው፤ «በዚያ ስፍራ ብትሆኑ ምን ታያላችሁ? ምን ትሰማላችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከዚያ ጸልዩ። በቤት ውስጥም ልጆች ተራ በተራ ይምሩ፤ አባት ልጁን ተከትሎ ሲጸልይ ልጁ ከስብከት የማያገኘውን ይማራል። እያንዳንዱ ምሥጢር ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ጉዳይ ይቅረብ፤ ለታመመች ጎረቤት፣ ለሀገር ሰላም፣ ለተሰደዱት፣ ለሞቱት። ወጣቶች በጥያቄ ሲመጡ አትገሥጿቸው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ከፍታችሁ ምሥጢራቱን ከወንጌል አሳዩአቸው። ከ20ዎቹ ምሥጢራት 18ቱ በአዲስ ኪዳን በግልጽ የተጻፉ ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ፣ ፍልሰትና አክሊል፣ ልጇ ለሚያምኑት ሁሉ ተስፋ የሰጠውን ክብር በእናቱ የምናይባቸው ናቸው።

ወንድሞችና እህቶች ሆይ፤ መቁጠሪያውን ዘርግታችሁ ተመልከቱት። ዶቃዎቹ ሁሉ ዞረው የሚመጡት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ከዚያም የሚወርደው ሰንሰለት በመስቀሉ ያልቃል። ጸሎቱ ከመስቀሉ ተጀመረ፤ ደስታችን፣ ብርሃናችን፣ ሐዘናችንና ክብራችን ሁሉ ዞሮ ወደ መስቀሉ ይመለሳል። በሣጥን ያስቀመጣችሁት ካለ ዛሬ ማታ አውጡት። በችኮላ የምትደግሙት ካላችሁ ከአንዱ ምሥጢር ፊት ቁሙ። ቃል ያጣችሁም ካላችሁ ዶቃውን ጨብጡ፤ የቀረውን እናታችን ትለምንልናለች።

ይህን ሁሉ በልቧ የጠበቀች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም፣ እኛም የልጇን ምሥጢር በልባችን እንድንጠብቅ ትለምንልን። ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ክብር ይሁን፤ አሜን።